ከመጣኔው በፊት የደረሰኙ ጉዳይ

ለአዘጋጁ፦

የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ከ30 በመቶ ይውረድ ወይስ ይቆይ በሚለው ክርክር ደረሰኝ ተረስቷል። የእንጨት ሥራ የሚሠራ አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። ጣውላ አውራጁም ባለጋሪውም ደረሰኝ የላቸውም። ወጪው ግን የምር ወጪ ነው። 100 ሺህ ብር አትርፈን የ200 ሺህ ብር ወጪ ደረሰኝ የለውም ተብሎ በግብር ቢሮው ውድቅ ቢሆንብን፣ ግብሩ በ300 ሺህ ይሰላል፤ 90 ሺህ መሆኑ ነው። የግብሩ መጣኔ ወደ 25 በመቶ ቢወርድ እንኳ 75 ሺህ እንከፍላለን። ወጪው ቢያዝልን ኖሮ በ30 በመቶም ቢሆን 30 ሺህ ብቻ ነበር። ቅናሹ በዋናነት የሚጠቅመው ብዙ የሚያተርፉትን ነው፤ ባንኮችን ለምሳሌ። ስለዚህ መጣኔው ባለበት ይቆይ። ይልቅ የሻጩ የፋይዳ ቁጥርና ፊርማ ያለበት የግዥ ሰነድ፣ በአንድ ግዥ እስከ 10 ሺህ ብር ድረስ፣ በሁሉም የግብር ቅርንጫፎች በወጪነት ይያዝልን።

አንድ የእንጨት ሥራ ባለድርሻ፣ ከአዲስ አበባ