የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹን የላክናቸው አማርኛ እንዲማሩ ነው፤ የእንግሊዝ ታሪክ ምን ያደርግላቸዋል?» እንዳሉ ሰምቻለሁ። ልጆቹ የሚያድጉት እዚሁ እንግሊዝ ነው። ያደጉበትን አገር ታሪክ በአማርኛ ከተረኩ ሁለቱንም ያዙ ማለት ነው።

የቅዳሜ ስብሰባችን እንደምታውቁት ነው፤ ንባብ፣ ካርታ መሳል፣ ጥያቄና መልስ። በብርዱ ወራት አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ሲሰጥ ኮሪደር ላይ ተቀምጠናል። ጥቂት ልጆችም በዚያው ቀሩ።

ጉዞው ግን ሌላ ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ሄድን። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ የሚቆምባት ጥንታዊ ከተማ ናት። አብረውን የመጡት እናቶች ከአትክልት ተራው አልላቀቅ ብለው አስቸግረውን ነበር።

ከተማዋ የተሰየመችለት ኤድመንድ እ.ኤ.አ. በ869 ዴኖች (ከዴንማርክ የመጡ ወራሪዎች) የገደሉት ንጉሥ ነው። አጽሙ ያረፈበት ገዳም ተሳላሚ እየጎረፈለት በለጸገ። ከተማው የገዳሙ፣ ገበያው የገዳሙ፣ ቀረጡም የገዳሙ ሆነ። በ1327 የከተማው ሰው መረረውና ገዳሙን ወረረ፤ በሩንም ሰበረ። ዛሬ የቆመው ግዙፍ በር ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ሁሉ አለው።

በሩ ሥር ቆመን ሳለ ከእናቶቹ አንዷ «ደግሞ ገዳም ቀስት ምን ያደርግለታል?» አሉ። እኔ ልመልስ ስል አንድ ልጅ ቀደመኝ። ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ሰዎቹ ተመልሰው እንዳይመጡ ነዋ!» አላቸው። ከዚያማ ማን ያስቁመው! ቀረጡን፣ ረብሻውን፣ በኋላም አበምኔቱን ጠልፈው ባሕር ማዶ መውሰዳቸውን ተረከ። ይንተባተባል፣ ግን አያቆምም። እናቶቹ ሲያጨበጭቡ እኔ ካሜራ የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ገዳሙ በ1539 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘግቶ ድንጋዩ ለቤት መሥሪያ ተወስዷል። በፍርስራሹ ግንብ ውስጥ የተሠሩ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ልጆቹ ከሁሉ በላይ ፎቶ ያነሡት እነሱን ነው።

የአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ቤት የሆነውን የሞይስስ ሆል ሙዚየም ግን ከውጭ አይተን ተመለስን። የመግቢያ ገንዘብ አልተያዘልንም። የእግር ኳስ ክበባችን አዲስ ማሊያ ሲለብስ ደስ ብሎናል፤ ቅናት አይደለም። ብቻ ታሪክም በጀት ይፈልጋል።

ለመጪው ዓመት ያሰብነው እዚያው አካባቢ ወዳለችው፣ በሱፍ ጨርቅ ወደከበረችው ላቨንሃም ነው። የወላጅ ኮሚቴው የአውቶቡሱን ኪራይ ግማሽ ቢችልልን የቀረውን በሳምቡሳና በቡና ሽያጭ እንሞላለን። መመዝገቢያው ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል።