ለሰው አልባዎቹ መንኮራኩሮችም ቦታ ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ከጎንደር ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ ጠፈር ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ አልዋሽም። ግን ጸሐፊው ነገሩን ሁሉ ጠቅልለው ሰው ላይ ጣሉት። ጋጋሪን ጠፈር ወጣ፣ አርምስትሮንግ ጨረቃን ረገጠ፣ ከዚያ ዝም፣ አሁን ደግሞ ሰው ማርስ ሊሄድ ነው። ሰው አልባዎቹን መንኮራኩሮች በአንድ መስመር "ረዳት" ብለው አለፏቸው። ይሄ አልተዋጠልኝም።

እስቲ እንተሳሰብ። ሰው ከምድር ርቆ የሄደው እስከ ጨረቃ ነው። ጨረቃ ላይ የተራመዱት 12 ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀምሮ በ1972 አበቃ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ፣ ቬነስን፣ ማርስን፣ ጁፒተርን፣ የሳተርንን ቀለበት፣ ዩራነስንና ኔፕቱንን፣ ሄዶ ያየልን ማሽን ነው። ኒው ሆራይዘንስ የምትባለዋ ሰው አልባ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2015 በፕሉቶ አጠገብ አልፋ ፎቶ ባትልክልን ኖሮ ፕሉቶ ዛሬም ለእኛ ብዥ ያለች ነጥብ ነበረች። ታዲያ ረዳቱ የቱ ነው?

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ "ሶፍትዌር ነው ሃርድዌር?" ሶፍትዌር ከሆነ ፍላሽ ይደረጋል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ሂሳቡም ቀለል ይላል። ሃርድዌር ከሆነ ቦርዱ ወጥቶ የሞተችው አይሲ (ቺፕ) ትነቀልና በሌላ ትተካለች። መተኪያ ከጠፋ በቃ፣ "ሌላ ግዛ" ነው መልሱ። ቮዬጀር 1 በምትባለዋ የአሜሪካ ሰው አልባ መንኮራኩር ላይ የተሠራውን ጥገና ሳነብ የገረመኝ ለዚህ ነው።

ቮዬጀር 1 የተነሳችው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፣ ጳጉሜን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው። ጁፒተርንና ሳተርንን አይታ ጉዞዋን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ላይ ግን መቀባጠር ጀመረች። ምልክቱ ይመጣል፣ ውስጡ ግን ትርጉም የሌለው የዜሮና የአንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ያኔ ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነበር። ከካሊፎርኒያ የተላከ ትዕዛዝ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ እሷ ጋ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፣ መልሱ ለመምጣት ሌላ 22 ሰዓት ተኩል። አንዲት ነገር ሞክረህ ሠራ አልሠራ ለማወቅ ሁለት ቀን ልትጠብቅ ነው። እኔ ደንበኛዬን ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ስለው ይቆጣል።

የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) መሐንዲሶች ማርች 2024 ላይ የሜሞሪዋን ግልባጭ እንድትልክ ማድረግ ቻሉ። መስመር በመስመር ሲያዩት መረጃውን ለምድር የሚያሰናዳው ኮምፒውተር ከሜሞሪው 3 በመቶ ያህሉ ተበላሽቷል፣ ጥፋቱም የአንዲት ቺፕ ነው። ሃርድዌር! ማን ሄዶ ይንቀላት? ስለዚህ በዚያች ቺፕ ላይ የነበረውን ኮድ ሌላ ቦታ ለማዛወር ወሰኑ። ሙሉውን የሚችል ባዶ ቦታ ግን የለም፤ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ኮምፒውተር ነው፣ ሜሞሪው ዛሬ በስልካችን ከምናነሳት አንዲት ፎቶ ያነሰ ነው። ቆራረጡትና ክፍት ባገኙበት እዚህም እዚያም ሸጎጡት። ቁርጥራጮቹ እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ አስተካከሉ፣ የድሮውን አድራሻ የሚጠሩትን ሌሎች ትዕዛዞችም አረሙ። የመጀመሪያውን ክፍል ኤፕሪል 18 ላኩት። ኤፕሪል 20 መልስ መጣ፣ ቮዬጀር የራሷን ደህንነት በሚገባ መናገር ጀምራለች። አብራኝ የምትሄደዋን ካውያ ትቼ እጅ ነሳሁ።

(በነገራችን ላይ ቮዬጀር ላይ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ የተቀዳበት ወርቅ የተቀባ ዲስክ አለ። ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሱመርኛና አካድኛ እንኳ አሉ። አማርኛ የለም። እዚህ ላይ ትንሽ ቅር ብሎኛል።)

ደግሞ አንድ ወገን ብቻ እንዳልይዝ። ሐብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲላክ መስታወቱ የፀጉር ስፋት ሃምሳኛ በምታህል ስህተት ተስሎ ነበርና ምስሉ ደበዘዘ። በ1993 ሰባት ጠፈርተኞች ወጥተው ማረሚያውን በእጃቸው ገጠሙለት። ያን ጊዜ ይሄን የሚሠራ ሮቦት አልነበረም። የጨረቃን ድንጋይም ብናይ የአፖሎ ሰዎች ይዘው የተመለሱት 382 ኪሎ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የሶቭየት ሦስት ሰው አልባ መንኮራኩሮች ተደምረው ያመጡት 300 ግራም ገደማ ነው። እጅ እጅ ነው፣ ይሄን አልክድም።

ግን ሰው አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለስ ይፈልጋል። ሰው ይጭኑ በነበሩት የአሜሪካ መንኮራኩሮች በቻሌንጀርና በኮሎምቢያ አደጋ 14 ሰዎች አልቀዋል። ኦፖርቹኒቲ የምትባለዋ ሮቦት ማርስ ላይ ያረፈችው ለ90 ቀን ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2018 ሠራች፣ 45 ኪሎ ሜትር ተጓዘች፣ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ሲጋርድባት ዝም አለች። መሐንዲሶቹ ከፍቷቸዋል፣ ድንኳን የተጣለለት ቤተሰብ ግን የለም። በእኔ ግምት ምድር ዙሪያና ጨረቃ ድረስ ሰው ይሂድ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገና ለብዙ ዓመት ለማሽን መተው ይሻላል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ "ኢትዮጵያዊ ጠፈርተኛ መቼ ይሆን የምናየው?" ብለዋል። የሰፈራችን ልጆችም የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ልጆቹ ትዕዛዙን ስለሚጽፈውና ምስሉን ስለሚያነበው ሰው ቢጠይቁ እመርጣለሁ፤ እሱ ወንበር ለእኛም ቅርብ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትነሳ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፣ መቀበያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነው። የእኛን መሬት፣ እርሻና ውሃ ልታይ ነው የወጣችው። እናንተም ያኔ ዜናዋን በትልቁ አወጣችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን አየች፣ ምስሉ ለማን ደረሰ የሚለውን ግን እኔ እስካነበብኩት ድረስ አልተመለሳችሁበትም።

ቅርባችን ያለውን ጣናን ውሰዱ። በደምቢያ በኩል ያለው እምቦጭ ዛሬ አንድ ዳር ላይ ነው፣ ነገ ነፋስ ገፍቶ ሌላ ዳር ያደርሰዋል። በጀልባ ዞሮ ስፋቱን መለካት ሰው ያደክማል። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ግን በየ5 ቀኑ ገደማ ከላይ ያልፋሉ፣ ምስሉ 10 ሜትር ድረስ ይለያል፣ ደመና ካልከለከለ ማንም ሰው ኢንተርኔት ካለው በነፃ ያወርደዋል። ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እዚሁ ጎንደር ቁጭ ብሎ የእምቦጩን እንቅስቃሴ መከታተል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ልጆችን ፈልጋችሁ አንድ ገጽ ብትሰጧቸው ሮኬት ሲተኮስ ከሚያሳየው ፎቶ የበለጠ አንባቢ ታገኛላችሁ።

በመጨረሻ አንድ እርማት ብታወጡ። ጽሑፉ "ቮዬጀር 1 ሥርዓተ ፀሐይን ለቃ ወጥታለች" ይላል። አልለቀቀችም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈስሰው የጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት፣ ከሚደርስበት ክልል ነው። የፀሐይ ስበት ግን ከዚያ በጣም ይርቃል፤ ኦርት ደመና የሚባለው የበረዷማ አካላት ክምችት ገና ከፊቷ ነው። ውስጠኛው ጠርዙ ላይ ለመድረስ 300 ዓመት ገደማ፣ አልፎ ለመውጣት ደግሞ ምናልባት 30,000 ዓመት ይፈጅባታል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር