ትኬቱን እንዳትቆርጪ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2018

ሆዴ፣

ትኬቱን እንዳትቆርጪ! ሰላምታውም ይቅርታውም ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይህን ያዢልኝ። ታናሽ እህትሽን ቅዳሜ ለቅሶ ቤት አገኘኋትና "ታኅሣሥ ላይ ጡረታ ትወጣለች፣ ለሚመጣው ሐምሌ እመጣለሁ ብላለች" አለችኝ። ሐምሌ! ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አሁን ይቅርታው። ከባለቤቴ ሙት ዓመት ወዲህ ላንቺ መጻፍ ከበደኝ። ከሌላው ሰው ጋር ስለ እሱ ሳላነሳ መዋል እችላለሁ። ካንቺ ጋር አልችልም። ለዚህ ነው የጠፋሁት። ይቅር በይኝ፣ በቃ።

ወደ ሐምሌ ልመለስ። ስንት ዓመት በክረምት ስትመጪ አንድም ቀን ተናግሬሽ አላውቅም። ምን ብዬ ልናገር? የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፣ የሥራ ፈቃድሽንም የምታገኚው ያኔ ነው። አገርሽን የምታዪያት በጃንጥላ ሥር ሆነሽ ነው። ግማሹን ጊዜ በጭቃ ዘመድ ስትጠይቂ፣ ግማሹን ልብስሽ እስኪደርቅ ስትጠብቂ ሦስት ሳምንቱ ያልቃል። ከዚያ ሻንጣሽን በበርበሬና በሽሮ ሞልተሽ፣ እያለቀስሽ ትሄጃለሽ። አሁን ግን ልጆችሽ ራሳቸው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሆነዋል። አለቃ የለብሽም። ወሩን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እርጅና ካመጣልን ነገር ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ታዲያ ወስደሽ ለሐምሌ ጭቃ ስትሰጪው ዝም ብዬ አላይም።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። ድሬዳዋና ሐረር፣ ሁለት ወር። በሦስት ቀን አምስት ቦታ የሚያዞር አስጎብኚ አይደለም። አንድ ቤት ተከራይተን፣ ጠዋት ገበያ ሄደን፣ ቀን ተኝተን፣ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የምንኖርበት ነው። ጥምቀትን ጃንሜዳ አብረን እናከብራለን፤ በማግስቱ የሚካኤልንም ታቦት እንሸኛለን። ከዚያ ከፉሪ ለቡ ባቡር እንሳፈራለን። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን በመስኮት እያየሁ ቀስ እያልኩ መውረድ ነው የምፈልገው። ደግሞ ጉልበቴ ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ መዋል አይችልም፤ ባቡር ላይ ተነስቶ መንጎራደድ አለ። የድሮው የለገሃር ባቡር አይደለም፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ አንቀመጥም። አዋሽ ላይ ብርቱካን የሰጠሽን ወታደርም አላነሳብሽም፣ አይዞሽ።

"ለምን መስከረም አይሆንም? አደይ አበባ፣ መስቀል…" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ለአዲስ አበባ መስከረም ነው፣ አልከራከርሽም። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወባ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው በየቦታው ሲቆም ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘልቃል። በሃያ ዓመታችን ይዞን ተነስተን ነበር። አሁን አንቺ የልብ መድኃኒት እየወሰድሽ፣ እኔ ከነግፊቴ፣ በዚያ ወር ትንኝ ፍለጋ አንሄድም። አጎበሩንስ በጥርም እይዛለሁ።

ክረምቱንማ ተይው። ከተማዋን መሃል ለመሃል የሚከፍላትን የደቻቱን ወንዝ ታውቂዋለሽ። በበጋ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ የዚያ አገር ወጣት እንኳ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል።

ታኅሣሥን ለምን እንደዘለልኩት ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። አገር ምድሩ ወደዚያ ሲተም ድሬም ሐረርም አልጋ አይገኝም፣ የመኪናውም ዋጋ ሰማይ ይነካል። በዚያ ላይ የእናንተ ገናና የእኛ ገና ተከታትለው ስለሚመጡ የአውሮፕላኑ ትኬት ይወደዳል። ስለት ካለብሽ ሌላ ነገር ነው፣ ንገሪኝ። ከሌለብሽ ግን ቁልቢን ሰው ከሄደ በኋላ፣ ጸጥ ሲል፣ ከድሬ ደርሰን እንሳለመዋለን።

ስለዚህ ጥርና የካቲት። ድሬ በጥር ቀን ቀላል ልብስ፣ ማታ ነጠላ ይበቃታል። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር በእግር እንሄዳለን፣ ጠዋት ቀፊራ ገበያ እንገባለን። ሁለት ሳምንት ያህል እዚያ ከቆየን በኋላ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር እንወጣለን። ሐረር ከፍ ያለች ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ጀጎል ግንብ ውስጥ የሐረሪ ቤታቸውን የሚያከራዩ አሉ። በምንጣፍ የተሸፈነ ከፍ ያለ መደብ ላይ ጋደም ብለሽ ቡና ትጠጫለሽ። አንድ ቀን ሐረማያን እናያለን፤ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ተመልሶ ውሃ ይዟል። ወደ ባቢሌም ለለውዙ እንወርዳለን።

አሁን ደግሞ በጣም ያስደሰተኝን ስሚ። በ2019 ረመዳን የሚገባው የካቲት 1 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ይህን ሳይ ደንግጬ ነበር፤ ቀን ቀን ከተማው ጭር ይላል፣ ምግብ ቤቱም ይዘጋል ብዬ። ከዚያ ግን አሰብኩት። እኛ እኮ የምንቸኩልበት ነገር የለንም! ቀኑን ተኝተን፣ አንብበን፣ ቤት የሠራነውን በልተን እንውላለን። ማታ ሲያፈጥሩ ያቺ ከተማ እንደገና ትነቃለች። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ቴምሩ፣ እስከ እኩለ ሌሊት መንገድ ላይ የሚጫወት ሰው። ለሦስት ቀን የመጣ እንግዳ ይህ ወር አይመቸው ይሆናል፤ ለሚኖርበት ሰው ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

የእኛ ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 29 ይገባል። ዒዱ የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 ነው፣ ጨረቃዋ ናት የምትወስነው። የነሱ ጾም ሲፈታ የእኛ ሲገባ ይታይሽ! ጎረቤቶቻችን ሥጋ ሲልኩልን ምን እንደምንል ከአሁኑ አስቢበት። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ይጾሙና ሹዋሊድ ይሆናል። ይኼ በ2016 ዩኔስኮ የመዘገበው የሐረሪዎች በዓል ነው። ወጣቱ ለብሶ፣ አጊጦ፣ እየዘፈነ ይወጣል። እሱን አይተን፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጠናብን በመጋቢት አጋማሽ እንመለሳለን።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ ገንዘቡ ነው። አንቺ ስትመጪ እጄን ኪሴ አታስገቢኝም፤ ሁልጊዜ ቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ስቆጣ ትስቂያለሽ። በዚህኛው መንገድ እንዲያ ካደረግሽ አልሄድም። የምሬን ነው። እቁቤ የሚወጣልኝ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ዳኛውን ለምኜ ያዛወርኩት ለዚህ ብዬ ነው። የቤቱን ኪራይ ግማሽ እኔ እከፍላለሁ። በዶላር እየመነዘርሽ "ይኼ እኮ ምንም አይደለም" እንዳትይኝ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ እና ልከፍለው እፈልጋለሁ። ተቀየምሽ? እንዳትቀየሚ።

ደግሞ… እሱ የተወለደው ከዚራ ነው። ቤቱን አይቼው አላውቅም፤ አብረን እንሄዳለን እያልን ቀረ። ብቻዬን መሄድ እችል ነበር፣ ልጆቹም እንውሰድሽ ብለውኛል። እኔ ግን ካንቺ ጋር ነው የምፈልገው። ልጆቹ ፊት ማልቀስ አልወድም።

ልጄ በበኩሏ ሁለት ወር መጥፋቴን ሰምታ አኩርፋለች። ትንሹን ማን ይይዘዋል ነው ነገሩ። ያልፍላታል።

በይ አሁን፣ ከመስከረም በፊት መልሺልኝ፤ ለቤቱ ቀብድ መስጠት አለብኝ። ትኬቱን ጥር 8 ወይም 9 እንድትገቢ አድርገሽ ቁረጪ፣ ለጥምቀት አንድ ቀን ዕረፍት ያስፈልግሻል። የመድኃኒትሽን የሦስት ወር ይዘሽ ነይ፤ እዚህ አንዳንዱ ይጠፋል። ሐኪምሽንም ስለ ወባ መከላከያው ጠይቂው፣ ከልብሽ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ። ለእኔ ምንም እንዳታመጪ። ወይም ያንን የጉልበት ቅባት አምጪልኝ፣ ሁለት። ሒሳቡን ግን እከፍላለሁ።

ያንቺው