ላሙ ወደብ ብቻ አይደለችም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአገራችን መገናኛ ብዙኃን የኬንያዋ ላሙ ስሟ የሚነሳው ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን ያስተሳስራል ከተባለው የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት ጋር ብቻ መሆኑ ቅር ስለሚያሰኘኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አዲሱ ወደብ ከአሮጌዋ ከተማ ውጭ፣ በማንዳ የባሕር ወሽመጥ ይገኛል፤ ጎብኚን የሚስበው ግን በላሙ ደሴት ላይ ያለችውና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ጥንታዊት የስዋሂሊ ከተማ ናት።

ቤቶቿ የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ እንጨት ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚያልፉት መንገዶች እጅግ ከመጥበባቸው የተነሳ ጭነት ያዘለ አህያ ሲመጣ እግረኛው ግድግዳ ታክኮ ማሳለፍ ግድ ይለዋል። የሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው እንግድነት አይሰማውም። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቁኝ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተፈለፈሉት ከባድ የእንጨት በሮች ናቸው፤ ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፋቸዋል እንጂ ጠጋ ብሎ የጠራቢውን እጅ አይመለከትም።

እ.ኤ.አ. በ1821 ገደማ የተጠናቀቀው ምሽግ በቅኝ ግዛት ዘመን እስር ቤት ነበረ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። በማንዳ ደሴት ወደሚገኘው የጥንታዊቷ የታክዋ ከተማ ፍርስራሽ መሄድ የሚሻ ደግሞ የባሕሩን ሙላት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ውኃው ሲሸሽ ጀልባ በማንግሮቩ መካከል ማለፍ ይሳነዋል። ከተማዋ የሙስሊሞች እንደመሆኗም አለባበስን ማክበር ተገቢ ነው።

የጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ከተማዋ ሰፋ ያለ ዘገባ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ