የእቴቴ ድምፅ እኔ ጋር ነው

ወንድሜ፣

እንደጠፋሁብህ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የእናትህ የእቴቴ ቀብር ላይ ነበርኩ፤ እስከ ሠልስቱም ከድንኳኑ አልወጣሁም። ላንተ መደወል ግን አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ደግሞ እፍረት መጣ። ይቅር በለኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ትንሿ እንዴት ናት? ፎቶዋን አይቻለሁ። ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው፣ እግዜር ይርዳት።

የኔን ነገር ባጭሩ ልንገርህ። ሰርግ ላይ ዲጄ መሆኑን ትቻለሁ። አሁን በራሴ ስም ነው የምጫወተው። ላፕቶፕ፣ አንድ ፓድ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ጎኔ ደግሞ ማሲንቆ የሚመታ ልጅ። መጀመሪያ ቀን 30 ሰው ቢመጣ ነው። ባለፈው ግን ቤቱ ሞልቶ በር ላይ የቀሩ ነበሩ።

«ቢት ሠሪን መድረክ ላይ ማን ሊያየው ይመጣል?» ትለኝ ነበር አይደል? መጡልህ! እርግጥ መንገዱን የከፈተው ሮፍናን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ አንተ ሄደህ ነበር፣ ያኔ ከተማው ምን እንደሆነ አላየህም። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን ራሱ ሠርቶ ራሱ ዘፈነው። ዲጄ የነበረው ልጅ መድረኩ መሃል ቆመ። ታክሲ ስትገባ እሱ፣ ካፌ ስትገባ እሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ «ስድስት»ን ከዩኒቨርሳል ሙዚቃ ጋር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ፕሮዲዩሰር ነኝ ስል ሥራህ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው የለም። እኛ ከሱ በፊት ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን በጆሮ ማዳመጫ ተካፍለን ስንሰማ፣ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ የሚሉት ነገር የሁለታችን ምስጢር ይመስለኝ ነበር።

ወሬ እያስረዘምኩ ነው። ወደ ነገሩ ልግባ። እየፈራሁ ነው የምጽፍልህ።

ያ የእቴቴ ቅጂ እኔ ጋር አለ። በ2006 ጓሯችሁ ቁጭ ብለን በስልክህ የቀዳነው፣ ቡና እየወቀጡ የሚያንጎራጉሩት። ስልክህን ስትቀይር ወደ ፍላሼ ገልብጠኸው ነበር። ምናልባት ረስተኸዋል።

ባለፈው ጥር ከፈትኩት። መብራት ጠፍቶ ብቻዬን ነበርኩ። ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ሲያርፍ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ከዚያ እጄ ዝም ብሎ መሥራት ጀመረ። የሙቀጫውን ምት ቆርጬ በከበሮ ቦታ አስገባሁት፤ ከሥሩ ባስ አደረግኩ። የከበደኝ ዜማቸው ነበር። ኮምፒውተሩ እኩል በእኩል የተከፋፈለ ምት ነው የሚፈልገው። እቴቴ ደግሞ ትንፋሻቸው ሲያልቅ ያቆማሉ፣ ቡናው ሲደቅ ይፈጥናሉ። ፕሮግራሙ ድምፅን ጎትቶ ከምቱ ጋር ያስተካክላል፤ ሞከርኩት። ሲስተካከል ግን እሳቸውን አልመስል አለኝ። የማላውቃት ሴትዮ ሆነች። ስለዚህ ገልብጬ ሠራሁት። ድምፃቸውን እንዳለ ትቼ፣ ምቱ እሳቸውን ተከትሎ እንዲፈጥንና እንዲዘገይ አደረግኩ። 11 ሌሊት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ችክችካው ገባበትና ተነስቼ ቆምኩ። አለቀስኩም።

እና ተጫወትኩት። ሰው ፊት። ሳልጠይቅህ። አንዴም አይደለም፣ ሁለቴ።

መጀመሪያ ሰዉ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያማ ቤቱ ጨሰ። ስወርድ አንድ ልጅ ይዞኝ «ድምፁ የማን ነው?» አለኝ። «የአንድ እናት» አልኩት። ስማቸውን መጥራት አልቻልኩም፤ አንተ አታውቅማ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፣ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን አንድ አሳታሚ ላውጣው ብሎኛል። መልስ አልሰጠሁትም።

ኃይሉ መርጊያን እያሰብኩ ነው ሰሞኑን። አንተ ባለህበት ከተማ፣ ዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን የቀዳውን ካሴት። እሱ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ሲለማመድ፣ ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አገኘው። ሰውየው አፈላልጎ ደወለለትና ጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አየህ፣ ደውሎ ጠየቀው። እቴቴን ግን የት ደውዬ ልጠይቃቸው? አንተን ነው እንጂ።

ስለዚህ እየጠየቅኩህ ነው። እሺ ካልክ ስማቸው ከኔ ስም በፊት ይጻፋል፤ ከሚገኘውም ግማሹ ያንተና የእህትህ ነው። እሷንም ጠይቃት፣ የሷም እናት ናቸው። እምቢ ካልክም አላኮርፍም። ሁለተኛ አልጫወተውም፣ ለአሳታሚውም አይሆንም እለዋለሁ። ብትቆጣኝም ደውለህ ተቆጣኝ። ድምፅህን ልስማው።

ሙሉውን ሥራ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሌላም አጭር ፋይል አለ። ቅጂው መጨረሻ ላይ እቴቴ ዘነዘናውን ያቆሙና «እናንተ ልጆች፣ ምሳ በላችሁ?» ይላሉ። አንተ «በልተናል» ትላለህ። አልበላንም ነበር። እሳቸውም «ውሸታም» ብለው ይስቃሉ። እሷን ክፍል ሥራው ውስጥ አላስገባኋትም፣ ለማንም አላሰማሁም። ያንተ ናት። እየነዳህ እንዳትሰማት።