የአራስ እንክብካቤ እንቅስቃሴንም ይጨምር

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤት አራስን መንከባከብ ማለት ገንፎውንና አጥሚቱን አሟልቶ እስከ ክርስትናው፣ ማለትም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ ከቤት ሳትወጣ ማቆየት ነው። ዕረፍቱና የጎረቤቱ እርዳታ ሊነካ የማይገባው ሀብት ነው፤ ቅሬታዬ አራሷን ከአልጋ እንዳትነሣ በሚከለክሉት ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት፣ ደም በእግር የደም ሥር ውስጥ የመርጋት አደጋው ከፍ ስለሚል፣ በቀዶ ጥገና የወለደችውም ብትሆን ሐኪሟ ሲፈቅድላት ቀስ እያለች መራመድ ይጠቅማታል። ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፈው የሚይዙትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አኮማትሮ መልቀቅ ደግሞ ተኝቶም የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ እናቶች በኀፍረት የሚደብቁትን፣ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት የማምለጥ ችግር ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክል የጤና ችግር ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና ወላዶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። (ውሃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ ነፍሰ ጡር ግን የሚያስፈልጋት ሸክሙን የሚያቀልላት ሰው ነው።) ደም መፍሰስ ወይም ማዞር ከታየ ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ስለ ማረጥ ደግሞ ከነጭራሹ አይወራም። ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ስለሚሳሳ፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲጎበኙ ስለ ክትባትና ጡት ማጥባት እንደሚያስተምሩ ሁሉ ይህንንም ቢያስተምሩ፣ በተለይም አማቶችና እናቶች ባሉበት፣ ጤና ሚኒስቴር እንዲያስብበት እጠይቃለሁ።

አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ