የጋሼን ፎቶ ላክልኝ

ወንድሜ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፤ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም። ጋሼ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩም። ቁጥርህን አውጥቼ አያለሁ፣ ምን እንደምል ይጠፋኛል፣ «ነገ» እላለሁ። አርባው አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በለኝ። መስደብ ካማረህ ደውል፣ አነሳለሁ።

አሁንም የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። ታውቀኛለህ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። አዎ፣ ያ አዲሱ ሶፋህ ላይ የሸናው።

የመረጠው ታላሃሲ ያለውን ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ነው። «ፋሙ» ይሉታል። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ልቡን የወሰደው የማርሽ ባንዱ ነው፤ ትሮምቦን ይነፋል፣ ጎረቤት ሰላምታ ከነሳኝ ቆይቷል። እዚያው ከተማ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ፍሎሪዳ ስቴት። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቡና ስንጠጣ አንዱ «ልጅህ የት ገባ?» አለኝ። «ታላሃሲ» አልኩ። «ፍሎሪዳ ስቴት! ጎበዝ ልጅ!» አለ። ዝም ብል እንኳ ደግ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ልጁ ዳቦ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

ቤት እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እውነቱን ልንገርህ፣ አፍሬበት ነበር። «የጥቁር ኮሌጅ» የሚለው ነገር ዝቅ ያለ መስሎኝ። እኔ ራሴ ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃ። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር ግቢውን ልናይ ከአትላንታ ነዳን፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። እሱ ከባንዱ ልጆች ጋር ሲጠፋ እኔ ብራግ ስታዲየም ገብቼ ተቀመጥኩ። ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጡ። ወሬያቸው አንድ ብቻ ነው፤ በፈረንጅ 1961 የነበረው የፋሙ ፉትቦል ቡድን። እኔ ደግሞ ይሄን በእጅ ይዘውት እየሮጡ «የእግር ኳስ» የሚሉትን ጨዋታ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን ቁጥር ይገባኛል። አስር ጨዋታ፣ አስር ድል። ያስቆጠሩት 506 ነጥብ፣ የገባባቸው 33። ሽማግሌው ያጋነኑ መስሎኝ ስልኬ ላይ አየሁት። አላጋነኑም።

አሰልጣኙ ጄክ ጌይተር የሰባኪ ልጅ ነው። ልጆቹን ሦስት ቦታ ከፍሎ ስም አወጣላቸው፦ ደም፣ ላብ፣ እንባ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይገባል፣ ተጋጣሚው ግን ማንን አስገብቶ ይረፍ? የመጨረሻው ጨዋታ ማያሚ ላይ ከጃክሰን ስቴት ጋር ነበር። በዘጠኝ ጨዋታ 492 ነጥብ የከመረ ቡድን ያን ቀን 14 ለ 8 ብቻ አሸነፈ። ሽማግሌው እዚህ ሲደርሱ የመቀመጫውን ብረት ጨበጡ፣ አሁን የሚሸነፉ ይመስል። የጥቁሮች ጋዜጦች ሻምፒዮን አሏቸው። ሻምፒዮን ማለት ግን የጥቁር ኮሌጆች ሻምፒዮን ነው፤ ከነጮቹ ጋር ማን አጋጥሟቸው!

ፍሎሪዳ ስቴት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። እስከ 1962 ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። አንድ ከተማ እያደሩ ያኔ አንድ ቀን አልተጋጠሙም። «እናሸንፋቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «እናሸንፋቸው» ማለቴን እኔ ያስተዋልኩት ማታ ነው። ጌይተር የነጮች ቡድን የገጠመው በ1969 ነው፣ ሊለቅ ሲል፤ የታምፓ ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 28 አሸንፎ ወጣ።

ግን ወደ አንተ ያመጣኝ ይሄ አይደለም። ጌይተር ካሰለጠናቸው አንዱ ቦብ ሄይስ ነው። ሽማግሌው «የቶኪዮ ኦሎምፒክ» ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። ሄይስ እዚያ መቶ ሜትሩን የሮጠው በውሰት ጫማ ነው፤ አንድ እግር ጫማው አልጋ ስር ቀርቶበት። እሱንም በወርቅ። ከዚያ ዱላ ቅብብሉ ደግሞ። ዱላውን ሲቀበል አገሩ አምስተኛ ነበረች፣ እሱ ሁሉንም አልፎ ጨረሰ። ቀኑን ስሰማ በኛ አቆጣጠር ቆጠርኩት። ጥቅምት 11 ቀን 1957።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም ማን ሮጦ እንደገባ ላንተ አልነግርህም። ጋሼ ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን እያወናጨፉ፣ «አበበ ገብቶ እንዲህ ስፖርት ይሠራል፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው!» ሲሉ እናትህ ከጓዳ «ኧረ ወገብ!» ስትል ነው የታየኝ። እዚያ ብረት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌው በቡድናቸው ያለቀስኩ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። አላረምኳቸውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጁን ይቅርታ ልለው ነበር። አፌ እምቢ አለ። በዚያ ፈንታ ስለ ጋሼ አወራሁለት፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ እግራቸው። ሳቀ። ከስንት ሳምንት በኋላ! ከዚያ «ፎቶው አሁንም አለ?» አለኝ። ዶርሙ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሰውዬም እስካሁን አላረምኩትም። «በሚቀጥለው እሁድ» እላለሁ፣ ሦስት እሁድ አለፈ። አንተ ብትሆን እንዴት ነበር የምትጀምረው? ለልጁ ማለቴ ነው።

እና ፎቶው። ሳሎን ከሬዲዮው በላይ የነበረው የአበበ ፎቶ፣ ካላወረዳችሁት። ጋሼ እስከ መጨረሻው ድመቷ ናት የሰበረችው ብለው አመኑ፣ አይደል? እኔና አንተ በካልሲ ኳስ እንደመታነው ነገርካቸው እንዴ? ብቻ በስልክህ አንሳና ላክልኝ። መስታወቱን አትቀይረው፤ ከነስንጥቁ።